ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው የትኛው ክራር ይሻላል?

ክራር ሻጭ ፊት ቆመው «ለልጄ ነው» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ሻጩ ክራሩን ሲያቀብላቸው ግን ጭናቸው ላይ አድርገው ክሩን በአውራ ጣት ነካ፣ ጆሯቸውን ዘንበል የሚያደርጉት እነሱው ናቸው። ይህ ግምገማ ለእነሱ የተጻፈ ነው። በልጅነታቸው መጫወት ፈልገው ላልተፈቀደላቸው፣ ወይም ጀምረው ኑሮ ላስጣላቸው፣ አሁን አርባና ሃምሳን ተሻግረው በአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬም ይሁን ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱም ይሁን ለገጣፎ፣ ማታ ማታ «ያኔ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ» የሚል ሐሳብ ለሚመላለስባቸው ሰዎች ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለዚህ ገዢ የሚበጀው ስድስት ክር ያለው፣ ናይለን ክር የገባለት፣ በደረቅ ወቅት ቆዳ የለበሰ ተራ የቆዳ ክራር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የሳጥን ክራር ጥሩ ዕቃ ነው፤ መምጣት ያለበት ግን ኋላ ነው። አጊጦ ለስጦታ የሚሸጠው ደግሞ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ለመጫወት ግን አይሆንም።

ምርጫው ለምን እንዲህ ሆነ? ወጣት ጀማሪ ክራሩ አልቃኝ ሲለው «ይሄ ክራር የተበላሸ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ዘግይቶ የጀመረ ሰው እንዲህ አይልም። ድምፁ ሲበላሽ «ጆሮዬ ደንቁሯል»፣ ክሩ ሲከብደው «ጣቴ ደርቋል»፣ በክረምት ቆዳው ሲላላ «እኔ ነኝ የደከምኩት» ይላል። የዕቃው ጥፋት ሁሉ በዕድሜው ይሳበባል። ከዚያ ክራሩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣና የድሮው ቁጭት ላይ አዲስ ይጨመርበታል። ስለዚህ ለዘገየ ጀማሪ ዕቃ ስንመዝን ዋናው መለኪያችን የድምፁ ውበት አይደለም። ክራሩ ሲበላሽ መበላሸቱ በግልጽ የሚታወቅ፣ ሲስተካከልም የሚስተካከል መሆኑን ነው የምናየው።

ሱቅ ከመግባት በፊት የቁጭቱን ምንጭ ማወቅ ይጠቅማል። ክራር የብዙ ሰው ምኞት ሆኖ የቀረው በስንፍና አይደለም። በገና የዳዊት ነው ተብሎ በዐቢይ ጾም በክብር ሲደረደር፣ ክራር በጠጅ ቤትና በውበት ውዳሴ ስሙ የተነሣ መሣሪያ ስለሆነ ብዙ ቤት ደጅ ላይ ቀርቷል። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ሲባል ጥያቄ አልነበረም፣ ክልከላ ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ብዙ ወጣት መድረክ አየ፤ በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ቡድኖቹ ተበተኑ። መሣሪያው የቡድኑ እንጂ የተጫዋቹ አልነበረምና ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የገባ ብዙ ነው። አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ ክራር ይዘው ስማቸውን የተከሉት ያ ሁሉ ንቀት እያለ ነው፤ እንደ እነሱ መጋፈጥ ደግሞ ከሁሉም ሰው የሚጠበቅ አልነበረም። ይህን የምናነሣው ገዢው ራሱን እየወቀሰ ገበያ እንዳይወጣ ነው። ራሱን የሚወቅስ ሰው የቆየ ዕዳ የሚከፍል እየመሰለው የማያስፈልገውን ውድ ዕቃ ይገዛል።

ሁለተኛው ነገር፣ የቀረው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። የቀረው መድረኩ፣ ጭብጨባው፣ በሙያው መታወቁ ከሆነ፣ በግልጽ እንናገር፣ ክራር ገዝቶ ያንን ማስመለስ አይቻልም። በሃያ ዓመት ጀምሮ በየቀኑ ለሰዓታት የተጫወተ ሰው የደረሰበት ቦታ አለ፤ እሱን በሃምሳ ዓመት፣ ከሥራ መልስ፣ በምሽት መድረስ የማይሆን ነገር ነው። ይህን አምኖ ማዘን ተገቢ ነው፣ ቶሎ ለመጽናናት መሯሯጥም አያስፈልግም። የቀረው ድምፁ ከሆነ ግን፣ ማለትም ያንን የትዝታ ዜማ በገዛ እጅ የማሰማት ፍላጎት ከሆነ፣ እሱ ያልተቆለፈ በር ነው። በሥርዓት ከተያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዜማ ከዳር እስከ ዳር ይወጣል። አብዛኛው ሰው ሁለቱም አሉበት። የቱ እንደሚበዛ ማወቁ ለየትኛው ክራር ብር እንደሚወጣ ይወስናል።

የግድግዳውን ክራር በአጭሩ እንለፈው። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮችና ቱሪስት በሚበዛበት ቦታ ሁሉ የሚሰቀለው፣ ዛጎል የተደረደረበትና ቀለም የተቀባው ነው። ከሚጫወቱበት ክራር የሚለይባቸው ምልክቶች አሉት። ስድስቱም ክሮች አንድ ዓይነት ውፍረት አላቸው፣ መቃኛው በሙጫ ተይዟል ወይም ዞሮ አይቆምም፣ ብርኩማው፣ ማለትም ክሮቹን ከቆዳው በላይ ደግፎ የሚያቆመው እንጨት፣ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ቤት ያሳምራል፣ ለዘመድ ስጦታም ይሆናል። ልትማሩበት ከሆነ ግን አትግዙት፣ በነጻ ቢሰጣችሁም አትጀምሩበት።

አሁን ወደ ቆዳ ክራሩ። ሲመረመር መጀመሪያ የሚታየው ቀንበሩ ነው፤ በሁለቱ ምሰሶዎች ጫፍ ላይ የተጋደመውና ክሮቹ የሚጠመጠሙበት እንጨት። አንድ እጅ ቀንበሩን፣ ሌላው ከታች ቆዳ የለበሰውን ጎድጓዳ ክፍል፣ ገበቴውን፣ ይያዝና ቀስ ተብሎ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠምዘዝ። ጥሩ ክራር ንቅንቅ አይልም። ሲጥ ሲጥ ካለ ወይም ቀንበሩ ከተወዛወዘ መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ክራር አንዱ ክር ሲወጠር ሌሎቹ ይወርዳሉ። ጀማሪ በዚህ ጊዜ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው እየተመላለሰ ግማሽ ሰዓት ሲቃኝ ይቆይና መጫወት ሳይጀምር ይደክማል።

እንጨቱ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ወይም ወይራ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ ለማገዶውም ለቤቱም የሚቀርበው እሱ ስለሆነ አንዳንድ ሠሪ ለምሰሶ ይጠቀምበታል። ርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ምሰሶውን ከጫፉ በኩል አንድ ዓይን ጨፍኖ በርዝመቱ ማየት ነው፤ ዛሬውኑ የተጣመመ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ይብሳል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ በብዛት የተለቀለቀበትን ምሰሶ መጠርጠር ጥሩ ነው፤ ስንጥቅ የሚሸፈነው በዚያ ነው።

ቆዳው የክራሩ ልብ ነው፣ ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባል። የፍየል ቆዳ ስስ ስለሆነ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የከብት ቆዳ ወፍራም ነው፣ ድምፁም ታፈን ይላል፣ በምላሹ ግን ብዙ ይቆያል። ለቤት ውስጥ የፍየሉን እንመርጣለን። በጣት ጫፍ መሀሉን፣ ከዚያ ዙሪያውን መታ መታ አድርጉት። ዙሪያው ተመሳሳይ ድምፅ መስጠት አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ እንደ ርጥብ ካርቶን ደፍ ካለ እዚያ ጋ ቆዳውን የወጠረው ጠፍር ላልቷል ወይም ቆዳው ሲወጠር ርጥበቱ እኩል አልነበረም። ወደ ብርሃን አዙራችሁ የቢላ ጭረት ፈልጉ። ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቦታ መጀመሪያ የሚቀደድ ቦታ ነው፤ በተለይ ጠፍሩ በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አጠገብ ካለ ተዉት። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ በደንብ ያልታጠበ ጨው ነው። ጨው ርጥበት ስለሚስብ ያ ቆዳ ሰኔ ሲገባ ጨርሶ ይላላል። ከባድ ሽታ ያለውም ቶሎ ብል ሊገባው ይችላል።

ቀጥሎ መቃኛው። በድሮው አሠራር ክሩ በጨርቅ ወይም በጠፍር ተደግፎ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ለመቃኘት ጥቅልሉን በሙሉ ኃይል ማዞር ያስፈልጋል። ያምራል፣ ሥርዓቱንም የጠበቀ ነው። ቢሆንም አንጓው ለሚያመው ወይም ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የጊታር ዓይነት ጥርስ ያለው መቃኛ የተገጠመበትን እንመክራለን። ባህል ተበላሸ የሚል ይኖራል፤ የእኛ መልስ ክራሩ በየቀኑ ከተሰቀለበት ቢወርድ ለባህሉ የተሻለ ነው የሚል ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፤ አንዱን ክር ወጥራችሁ ድምፁን በስልክ መቃኛ አፕ እዩት፣ ከዚያ ስለ ዋጋው እየተነጋገራችሁ ቆዩና መልሳችሁ ምቱት። ከወረደ ሁለት ምክንያት አለ። ክሩ አዲስ ከሆነ ናይለን ለጥቂት ቀናት እየተለጠጠ መውረዱ የተለመደ ነው። ክሩ የቆየ ሆኖ ከወረደ ግን መቃኛው ይንሸራተታል፤ ሌላ ይቀየርላችሁ።

በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በራሳችሁ ጣት ለኩ። የግራ እጅ ጣት ከኋላ በኩል በሁለት ክሮች መሀል ሲገባ ሦስተኛውን መንካት የለበትም። በእጅ ሥራ የኖረ ጣት ወፍራም ነው፤ ለቀጫጭን ጣት በተሠራ ብርኩማ ላይ እየታገለ «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ይላል። መፍትሔው ስድስት ተራርቀው የተቀመጡ ጭረቶች ያሉት ሌላ ብርኩማ ማሠራት ብቻ ነው፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ክርን በተመለከተ፣ የቆዳ ክራር ላይ ብረት ክር አታስገቡ። ብረት እንደ ናይለን አይለጠጥም፤ መቃኛው ጥቂት ቢንሸራተት ድምፁ በብዙ ይወርዳል፤ ብርኩማውንም ይበላል። የክላሲካል ጊታር ናይለን ክር ከሙዚቃ መሣሪያ መደብር ይገኛል። የመጀመሪያው ክር ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 0.8፣ ሦስተኛው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወፍራሙን ለታችኞቹ ድምፆች፣ መካከለኛውን ለመሀሎቹ፣ ቀጭኑን ለላይኞቹ ማድረግ ነው። ለስድስት ክር ሁለት ስብስብ ቢገዛ ይበቃል፤ የክራር ክር ከጊታሩ ስለሚያጥር አንዱ የጊታር ክር አንዳንዴ ለሁለት ይሆናል። ቋጠሮው እንዳይንሸራተት ሁለት ጊዜ ካለፈ በኋላ ጫፉን በክብሪት አቅልጦ ማደቡለል ነው፤ እሳቱ ወደ ተወጠረው ክፍል እንዳይጠጋ መጠንቀቅ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚቀርበት ቦታ ቅኝቱ ነውና እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስልክ ላይ ያለው መቃኛ አፕ ሁሉንም ድምፆች ወደሚያሳየው «ክሮማቲክ» መቀየር አለበት፤ በጊታር ላይ ከተተወ የማይፈለጉ ድምፆችን እየጠቆመ ያሳስታል። አፑ የሚያሳየው «ሲ» ፊደል ማለት ዶ ነው፣ «ዲ» ሬ፣ «ኢ» ሚ፣ «ኤፍ» ፋ፣ «ጂ» ሶል፣ «ኤ» ላ፣ «ቢ» ደግሞ ሲ የሚባለው ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ሙሉ ትዝታ የሚባለው ቅኝት ይቃኝ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ ቀጥሎ በሚመጣበት ከፍታ ላይ፣ ይደግማል፣ ዶን ቢደግም ለጀማሪ ይቀላል። ክሩ ሳይደርስ እየተበጠሰ ካስቸገረ ወይም ዜማው ለድምፃችሁ ከፍ ካለ ሁሉንም በሁለት ወይም በሦስት ግማሽ ድምፅ አውርዱ፤ ግማሽ ድምፅ ማለት ክሮማቲኩ አፕ ላይ አንድ እርምጃ ነው። ዋናው በክሮቹ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ ዶ የግድ የፒያኖው ዶ መሆን የለበትም።

ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ ለመሄድ ሚ እና ላ ብቻ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ከዚያው ከሙሉ ትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ሲኬድ ሬ ግማሽ ይወርዳል፣ ሚ ግማሽ ወጥቶ ፋ ይሆናል፣ ሶል ግማሽ ይወርዳል። ወደ አምባሰል ደግሞ ሬ ግማሽ ይወርዳል፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል፣ ላ ግማሽ ይወርዳል። ሙሉው ባቲ ከሁሉም ይከብዳል፦ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ፣ ሦስቱም ወደ ላይ ነው፤ ክር የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ምክራችን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከትዝታ አለመውጣት ነው። በየቀኑ ቅኝት የሚለዋውጥ ጀማሪ ክሩም አይረጋለትም፣ ጆሮውም አይለምድለትም።

የከተማው ዳር አየር በራሱ አንድ ጉዳይ ነው። እንጦጦ ሥር፣ ለገጣፎ በኩል፣ ሱሉልታ መውጫ ያሉ ሰፈሮች ቀዝቃዛና በክረምት ርጥብ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ቆዳው ርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ብርኩማው ትንሽ ይሰምጣል፣ ስድስቱም ክሮች አብረው ይወርዳሉ፣ ድምፁ ይታፈናል። አንድ ክር ብቻ ከወረደ ጥፋቱ የመቃኛው ነው፤ ሁሉም አብረው ከወረዱ የቆዳው ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው በክረምት አይሸበርም። ክራሩን ከከሰል ምድጃ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቆ፣ ቆዳውን ወደ ሙቀቱ አዙሮ ጥቂት ማቆየት በቂ ነው፤ ለመንካት የሚያቃጥል ከሆነ በዝቷል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። በታኅሣሥና በጥር ተቃራኒው ይሆናል፤ አየሩ ሲደርቅ ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ወቅት ክራሩን ለሳምንት ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ክሮቹን በግማሽ ዙር አላሏቸው። ክራር ሲገዛም ቆዳው መቼ እንደተወጠረ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር የለበሰውን ያዙ፣ በዝናብ የተወጠረውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

አሁን እጁ። ክራር ከጊታር ይልቅ ለዘገየ ጣት ይራራል። ጊታር ላይ ክሩን እንጨት ላይ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፣ ጫፉ ይቆስላል። ክራር በግርፍ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹ ላይ በቀስታ ያርፋሉ፣ እንዲሰማ የሚፈለገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ብድግ ይላል፤ ቀኝ እጅ በመምቻ ሁሉንም ይገርፋል። የሚከብደው የቀለበትና የትንሿ ጣት ነው፤ ሁለቱ ጅማታቸው የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይከተላል። ይህ በሃያ ዓመት ወጣትም ላይ ያለ ነገር ነው። መልመጃው ያለ ምት ነው፤ ክራሩን ይዞ፣ ቀኝ እጅን አሳርፎ፣ የቀለበት ጣትን ብቻ አሥር ጊዜ ማንሣት፣ ከዚያ ትንሿን አሥር ጊዜ፣ በጣም በዝግታ። በድርድር፣ ማለትም ክሩን አንድ በአንድ በጣት በመንካት፣ መጀመር የሚሹም አሉ፤ ለስለስ ስለሚል ደስ ይላል። ግን ግርፉ ላይ የሚገኘው የጣት ነጻነት ስለማይመጣ ኋላ ያስቸግራል።

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በእሑድ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል፤ ጅማት በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሠራ ያብጣል፣ ያበጠ አንጓ ደግሞ ለሳምንት ልምምድ ያስተዋል። የግራ እጅ አንጓ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከታጠፈ ወንበሩ ዝቅ ብሏል ወይም የአንጓ ማንጠልጠያው ጠፍር ረዝሟል፤ ክብደቱን መሸከም ያለበት ጠፍሩ ነው፣ ጣት አይደለም።

ቁጭቱ መልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለው፤ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። አንድ ወር ሲጠጋ ጣት ትንሽ ይታዘዛል፣ ጆሮ ግን ከጣቱ ቀድሞ ያድጋል፣ ስለዚህ የራስ አጨዋወት ከበፊቱ የባሰ ይመስላል። በዚያው ሰሞን ስልክ ላይ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ክራር ሲያንቆረቁር ይታያል፤ «ሠላሳ ዓመት አለፈኝ» የሚለው ሂሳብ ይጀመራል። ብዙ ክራር የሚሰቀለው በዚህ ሰሞን ነው። የሚረዳው ነገር ግልጽ ነው፦ አንድ ዜማ በወር አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ መቅዳትና የመጀመሪያውን ወር ከሁለተኛው ጋር ማነጻጸር። በየቀኑ የሚቀዳ ሰው ለውጡን አይሰማውም። የሌላ ሰው ቪዲዮም ለጣት አቀማመጥ ይታይ፣ ድምፁን ዘግቶ፤ እጁ ላይ ብቻ ለማተኮር ይህ ከሁሉ ይሻላል።

ለመምህር ብር ማውጣት ተገቢ ነው፣ በተለይ ለመጀመሪያዎቹ ወራት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ቤት ለቤት የሚያስተምሩ ወጣቶች አሉ። ዕድሜያቸው የልጃችሁ ቢሆን አትፈሩ፤ «አንተ» ለማለት ቢከብዳችሁ «መምህር» በሏቸው፣ ነገሩ ይስተካከላል። ጥሩ መምህር በመጀመሪያው ቀን ዜማ አያስተምርም፣ መቃኘት ያስተምራል፤ ክራሩን ራሱ ቃኝቶ የሚሰጣችሁ ከሆነ ግን እሱ በማይመጣበት ቀን መጫወት አትችሉም። ከከተማው መሀል ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ መምህር ለማስመጣት የታክሲው ምልልስ ክፍያውን ያንረዋል፤ አንድ ብሎክ ውስጥ ሁለት ሦስት ተማሪ ሆኖ መካፈል ይቀላል፣ በቡድን ሲኮን መቅረትም ያሳፍራል።

ጎረቤት ያስቸግራል ብለው የሚፈሩ አሉ። የቆዳ ክራር ያለ ማጉያ በብሎኬት ግድግዳ ቢያልፍም አይጮህም፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የታጠፈ ስስ ጨርቅ በክሮቹ ሥር፣ ብርኩማው አጠገብ ማስገባት ድምፁን ይውጠዋል፣ ጣቱ ግን ይለማመዳል። ይልቅ የሚያስቸግረው የቤት ሰው ሳቅ ነው። «በዚህ ዕድሜሽ?» የሚል ቀልድ ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ድሮ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ለተባለች ሴት ግን ያው ክልከላ ተመልሶ የመጣ ነው። አስቀድሞ «በዚህ አትቀልዱብኝ» ማለት ይቻላል፣ ያስፈልጋልም።

የሳጥን ክራሩን እንመልከት። ድምፁ ጠንካራ ነው፣ ክረምት አያላላውም፣ ከባንድ ጋር ለሚጫወት ግድ ነው። ለጀማሪ ግን ክራሩ ብቻ ሳይሆን አምፕሊፋየር፣ የጃክ ገመድና ሶኬት ይፈልጋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ልምምዱ ይቋረጣል፤ ያለ ማጉያ ደግሞ ድምፁ ደረቅ ነው። ከገዛችሁ የክሩን ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያሻግረውን ዕቃ፣ ፒካፑን፣ ጠይቁ። ማግኔት ያለው ፒካፕ የሚሰማው ብረት ክርን ብቻ ነው፣ ናይለን ቢገባበት ዝም ይላል፤ ፒየዞ የሚባለው ሁለቱንም ይሰማል። መሬት ገመድ ባልተያያዘበት ቤት አምፕሊፋየሩ ያለማቋረጥ ሊጮህ ይችላል፤ ክሩን ስትነኩት ጩኸቱ ከቀነሰ ችግሩ የመሬት ገመዱ ሊሆን ይችላል፣ ክራሩን ሠሪው ጋ ከመመለሳችሁ በፊት እሱን አስፈትሹ። ይህን ሁሉ ዕቃ በመጀመሪያው ቀን የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ያመለጠውን መድረክ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ በየቀኑ ሲታይ ደግሞ ቁጭቱን ያነሣሣል።

ለልጅ ስለመግዛት አንድ ቃል። ልጁ ራሱ ከጠየቀ መልካም ነው፣ ለክንዱ የሚሆን አነስ ያለ ክራር ይሠራለታል። ያልጠየቀን ልጅ የአባቱን ክራር ማሸከም ግን ሁለቱንም ይጎዳል። ልጁ ሲተወው አባት ለሁለተኛ ጊዜ የተነጠቀ ይመስለዋል፣ ልጁም ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል። ክራሩን ለራሳችሁ ግዙ፣ በራሳችሁ ልክ፣ ቤት ውስጥ ስትጫወቱ ልጁ ከመጣ ይምጣ።

ክራር መድኃኒት አይደለም፣ ይህንንም በግልጽ መናገር አለብን። የቁጭት ሐሳብ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከነሣ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ከዚህ በፊት ደስ የሚለውን ሁሉ ካደበዘዘ ወይም ለአንድ ቀንም ቢሆን መኖርን ካስጠላ፣ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፣ ቶሎም መሄድ ነው። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ስለሚያስፈራ ብቻ የሚቀር ሰው ብዙ ነው፤ ሰፈር ካለው ጤና ጣቢያም መጀመር ይቻላል።

ስለ ጥገና የቀረው ይህ ነው። ናይለን ክር ባይበጠስም ጫናው ያለበት ቦታ ሲሻክርና ድምፁ ሲደበዝዝ ይቀየራል፣ ስድስቱም አንድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል። በጣት ላብ የወዛ ቆዳ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ ቅባትና ውኃ አይነካውም። በሚኒባስ ስትሄዱ ቀንበሩ መጋጠሚያው ላይ እንዳይመታ ገበቴውን ወደ ታች፣ ቀንበሩን ወደ ደረታችሁ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጣራ ላይ አይጫን። ቆዳው ከተቀደደ ክራሩ አልሞተም፣ እንጨቱ ደህና ከሆነ ሠሪ ዘንድ በአዲስ ቆዳ ይለበሳል፤ ይህንንም ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲያ አሠሩት። ወደ ሳጥን ክራር ለመሻገር ያሰበ ሰው ሦስት ዜማ ከዳር እስከ ዳር፣ ራሱ ቃኝቶ፣ ሳያቋርጥ መጫወት ሲችል ይግዛ፤ የቆዳውንም አይሽጥ፣ መብራት ሲሄድ ይፈልገዋል።